ለተማሪው ስልክ የቱ ይሻላል? ድረ ገጽ፣ አፕ፣ ቴሌግራም ወይስ አጭር መልእክት

የክሊራንስ ሰሞን ነው። ተመራቂዋ ተማሪ ያልመለሰችው መጽሐፍ እንደሌለ ማረጋገጥ ትፈልጋለች። ስልኳን አውጥታ የቤተ መጻሕፍቱን ድረ ገጽ ትከፍታለች። ፊደሉ በጣም ደቃቃ ነው። በሁለት ጣቷ ትለጥጠዋለች፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትጎትተዋለች። «መግቢያ» የሚለውን ልትነካ ስትል ጣቷ አጠገቡ ያለው ላይ ያርፋል። ከላይ ያለው ትልቅ የምረቃ ፎቶ ገና እየወረደ ነው። ፓኬጁ እያለቀ ነው። በመጨረሻ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ከዶርሟ ተነሥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ትሄዳለች። እዚያ ደግሞ ሰልፍ አለ።

ይህን የምጽፈው በቤተ መጻሕፍት፣ በአይሲቲና በሬጅስትራር ሆናችሁ «ለስልክ የሚሆን ነገር እንሥራ» ለምትሉ ነው። እንዲህ ያለው ስብሰባ ብዙ ጊዜ «አፕ ይሠራ» ተብሎ ይበተናል። እኔ ደግሞ አፑ መጨረሻ መምጣት ያለበት ነገር ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ አማራጮቹን እያየን ላስረዳ።

ተማሪው ምን ሊያደርግ ነው የመጣው?

ከቴክኖሎጂው በፊት ይህን መመለስ ያስፈልጋል። የአንድ ደቂቃ ጉዳይ አለ። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አለ ወይስ ወጥቷል? መቼ ነው የምመልሰው? ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬ ስንት ሰዓት ይዘጋል? የፈተና ፕሮግራም ወጣ? ግሬድ ገባ? ዶርም የት ደረሰኝ? የአንድ ሰዓት ጉዳይም አለ። ቴሲስ ማንበብ፣ ጆርናል መፈለግ፣ ለኮርስ መመዝገብ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መፍትሔ አይፈልጉም።

ሌላም ጥያቄ አለ። ተማሪው ራሱ መጥቶ የሚያየው ነገር ነው ወይስ እኛ ልንልክለት የሚገባ? መጽሐፍ ፍለጋ ተማሪው የሚመጣበት ነው። የመመለሻ ቀን ማስታወሻ ግን ወደ እሱ መሄድ አለበት። መጽሐፉን የረሳ ሰው የመመለሻ ቀኑን ለማየት ብሎ ድረ ገጽ አይከፍትም።

ስልኩንም አስቡት። በካምፓስ በብዛት የምናየው ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስ ወይም ዋጋው ዝቅ ያለ ሳምሰንግ ነው። ሜሞሪው በፎቶና በቪዲዮ ሞልቷል። ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም አለ። ዋይፋዩ ምሽት ላይ ሁሉም ሲገባበት ይዳከማል። የምንመርጠው ለዚህ ስልክ ነው።

ከስክሪኑ ጋር ራሱን የሚያስማማ ድረ ገጽ

ሐሳቡን ኢታን ማርኮት የተባለ ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ2010 ስም ሰጥቶ አስተዋወቀው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንድ ድረ ገጽ፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ ይዘት ነው። በኮምፒውተር ሲከፈት በሦስት ዓምድ ይዘረጋል። በስልክ ሲከፈት ዓምዶቹ እላይ በላይ ይደረደራሉ። ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ ትጽፋላችሁ፤ በሁሉም ላይ ይታያል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ግማሹን መንገድ ሳያውቁት ሄደውታል። ካታሎጋችሁ በኮሃ የሚሠራ ከሆነ፣ ከ2013 ጀምሮ የወጡት የኮሃ ዕትሞች ተማሪው የሚያየውን የፍለጋ ገጽ ለስልክ እንዲመች አድርገው ነው የመጡት። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የገጠር ቤተ መጻሕፍት የተሠራ፣ በ2000 መባቻ ሥራ የጀመረ ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። ካታሎጉ ስልክ ላይ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አዲስ ነገር ከማሠራት በፊት ዕትሙን ተመልከቱ። መፍትሔው አፕዴት ማድረግ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው የሰው ጊዜና በወጉ የተያዘ ባክአፕ ነው።

ቴሲስ የሚቀመጥበት ማከማቻ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙዎች የሚጠቀሙት ዲስፔስን ነው። በ2021 የወጣው ዲስፔስ 7 ገጽታው ሙሉ በሙሉ አዲስ ነው፤ ለስልክም ይስማማል። ነገር ግን ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ስልኩ ራሱ የሚያስኬደው የፕሮግራም ኮድ፣ ይበዛበታል። ደካማ ስልክና ደካማ ኔትወርክ ላይ ሊከብድ ይችላል። ከመሸጋገራችሁ በፊት በተማሪ ስልክ ሞክሩት። የፒዲኤፉን መጠንም ከሊንኩ አጠገብ ጻፉት። ስካን የተደረገ ቴሲስ ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ተማሪው «48 ሜጋባይት» የሚለውን ካየ አሁን ላውርድ ወይስ ዋይፋይ ያለበት ልሂድ ብሎ ይወስናል። ካላየ ፓኬጁ ያልቅና ነው የሚያውቀው።

የዚህ አማራጭ ድክመት እንዲህ ነው። ገጹ ቅርጹን ስላስተካከለ ብቻ ቀላል አይሆንም። ትልልቅ ፎቶዎች ስልኩ ላይ ያንሳሉ እንጂ ክብደታቸው ያው ነው። የመጀመሪያው ገጽ 5 ሜጋባይት ከሆነ 20 ተማሪዎች አንድ አንድ ጊዜ ሲከፍቱት 100 ሜጋባይት ከኪሳቸው ወጣ ማለት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እየተቀያየረ የሚያልፈውን ተንሸራታች ፎቶ አውጡት። እኔ እስካሁን «ተንሸራታቹ ጠቅሞኛል» ያለኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

መለኪያ ከፈለጋችሁ ሦስት ልስጣችሁ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በ2018 ዕትሙ ገጹ 320 ፒክስል ስፋት ላይ ወደ ጎን ሳይጎተት መነበብ አለበት ይላል። በ2023 ዕትሙ ደግሞ የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን ጠይቋል። ጉግል በበኩሉ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ጉግል ከ2015 ጀምሮ በስልክ ፍለጋ ለስልክ የሚመቹ ገጾችን ማስቀደም መጀመሩንም ልብ በሉ። ተማሪው የቤተ መጻሕፍቱን አድራሻ አያስታውስም፤ ጉግል ላይ ነው የሚጽፈው።

ለስልክ ብቻ የተለየ ድረ ገጽ

ይህ ዘመኑ ያለፈበት አማራጭ ነው። ስማርትፎን በወጣበት ሰሞን ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሞክረውታል። ችግሩ ሁለት ቤት ማስተዳደር ነው። ዋናው ገጽ ላይ ሰዓቱ ይቀየራል፤ የስልኩ ገጽ ላይ ያለፈው ሴሚስተር ሰዓት ይቀራል። አሁን አዲስ የምትጀምሩ ከሆነ ዝለሉት።

አፕ

አፕ ያምራል። አዶው ስክሪኑ ላይ ይቀመጣል። ምረቃ ላይም ለማሳየት ይመቻል። በዓለም ከቀደሙት የካምፓስ አፖች አንዱ በስታንፎርድ በ2008 በተማሪዎች የተሠራው ነው። የሠራውን ድርጅት በቀጣዩ ዓመት ብላክቦርድ የተባለው የትምህርት ሶፍትዌር ኩባንያ ገዛው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንያዝ። የተማሪ ሥራ የቀጠለው ከኋላው ድርጅት ስለቆመ ነው።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ጎበዝ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ አፕ ይሠራል። ሁሉም ይደሰታል። ልጁ ይመረቃል፤ የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። እኔ ራሴ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ካምፓስ እንዲህ ዓይነት አፕ ጭኜ ነበር። ስልኬን ስቀይር አልከፈት አለኝ። የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ወጪውን በደንብ ቁጠሩት። ጉግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠይቃል። ገንዘቡ ትልቅ ላይመስል ይችላል። ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በካርድ ነው፤ በየዓመቱም ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግዢ ክፍል ይህን ለማስፈጸም ስንት ፊርማ እንደሚፈልግ እናንተ ታውቁታላችሁ። ጉግል ደግሞ አፖች አዲሶቹን የአንድሮይድ ዕትሞች ተከትለው እንዲታደሱ በየዓመቱ ያስገድዳል። ካልታደሰ አዲስ ስልክ የገዛ ተማሪ ስቶሩ ላይ አያገኘውም። ስለዚህ አፕ ስታሠሩ የዓመታት ደመወዝ እየፈረማችሁ ነው።

ታዲያ አፕ የሚሻልበት ቦታ የለም? አለ። ኔትወርክ በሌለበት ትምህርት ማንበብ ዋነኛው ነው። እሱንም ከባዶ መሥራት አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲያችሁ ኮርሶችን በኢንተርኔት ለመስጠት ሙድልን የሚጠቀም ከሆነ የሙድል አፕ አለ። ተማሪው ዋይፋይ ባለበት ኮርሱን ያወርዳል፤ ዶርም ገብቶ ያለ ኢንተርኔት ያነባል። የተሠራ እያለ አዲስ ማሠራት የቤተ መጻሕፍቱን የመጽሐፍ በጀት መብላት ነው።

ድረ ገጽ ሆኖ እንደ አፕ የሚቀመጥ

ይህ በመካከል ያለ ነው። ከ2015 ወዲህ ስም ያወጣ አሠራር ነው። ተማሪው ድረ ገጹን በክሮም ይከፍትና «ወደ መነሻ ስክሪን ጨምር» ይላል። አዶው ይቀመጣል። አንድ ጊዜ የተከፈቱ ገጾች ስልኩ ላይ ስለሚቀመጡ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባሉ። ስቶር የለም፤ የዶላር ክፍያ የለም፤ የሚይዘው ቦታም ትንሽ ነው።

ለሰዓት ሰሌዳ፣ ለካምፓስ ካርታ፣ ለክሊኒክና ለጥበቃ ስልክ ቁጥር፣ ለፈተና ፕሮግራም በጣም ይስማማል። እነዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ ይበልጥ የሚፈለጉ ነገሮች ናቸው። ድክመቱም ይታወቅ። በኦፔራ ሚኒ ከፍተኛ የቁጠባ ሁነታ አይሠራም። አይፎን ላይ መጫኛው ማጋሪያ ሜኑ ውስጥ ስለተደበቀ ማሳየት ያስፈልጋል። ማሳሰቢያ መላክም አይፎን ላይ የተቻለው በ2023 ነው። ደግሞም ጥሩ ድረ ገጽ ከሌላችሁ ይህን መሥራት አትችሉም። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃ ነው።

ቴሌግራም

ስለዚህ አማራጭ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ብዙ ካምፓስ ውስጥ ሳይታቀድ ዋናው መገናኛ የሆነው እሱ ነውና። የዲፓርትመንቱ ግሩፕ፣ የባቹ ግሩፕ፣ የዶርሙ ግሩፕ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ተማሪው የሚጭነው ነገር የለም። መልእክቱ ይመጣለታል። ቦት፣ ማለትም ለተማሪው ራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ለመሥራትም ክፍያ የለም፤ ቴሌግራም ቦት የፈቀደው ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ነው።

ግን መሠረት አታድርጉት። አንደኛው ምክንያት በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 2015 ዓ.ም. ታይቷል። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ተዘግተው ለወራት ቆዩ። ማስታወቂያውን ሁሉ በቻናል ብቻ የሚያወጣ ቢሮ ያኔ ከተማሪው ተቆረጠ። ሁለተኛው፣ ቻናል ላይ የወጣ ነገር ይሰምጣል። የመስከረም ማስታወቂያ ኅዳር ላይ ከ300 መልእክት ሥር ነው። ሦስተኛው የግል መረጃ ነው። ከቦት ጋር የሚደረግ ልውውጥ የምሥጢር ቻት አይደለም። መታወቂያ ቁጥርና ግሬድ በቦት እንዲላክ አልመክርም። አራተኛው፣ የቤተ መጻሕፍቱን ስምና ሎጎ ይዞ ሌላ ሰው ቻናል ሊከፍት ይችላል። ተማሪው የቱ እውነተኛ እንደሆነ የሚያረጋግጠው ድረ ገጹ ላይ ሊንኩ ካለ ነው።

እኔ የምለው ቻናሉን እንደ ደወል ተጠቀሙበት ነው። «የፈተና ሰሞን ሰዓት ተራዝሟል፤ ዝርዝሩ እዚህ» ብላችሁ የድረ ገጹን ሊንክ ስጡ። ባለቤትነቱ በቢሮ ስልክ ቁጥር ይሁን። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ቻናሉ አብሮት እንዳይሄድ።

እግረ መንገዴን አንድ ልመና አለኝ። ማህተም ያለበትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ ይቅር። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ አይፈለግም፤ ኮፒ አይደረግም፤ ዓይነ ስውር ተማሪ የሚጠቀምበት ስክሪን አንባቢም አያነበውም። ማህተሙ ይኑር፤ ጽሑፉ ግን ከሥሩ ተጽፎ ይውጣ።

አጭር መልእክትና ኮከብ መሰላል

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ አስታውሱ። በድረ ገጽ፣ በቴሌግራም ቦትና በ6284 አጭር መልእክት እንዲታይ ተደርጓል። አንድ አገልግሎት በሦስት መንገድ ማለት ነው። ድረ ገጹ ሲጨናነቅ አጭር መልእክቱ አለ፤ ስማርትፎን የሌለውም አይቀርም።

ለቤተ መጻሕፍት አጭር መልእክት የሚመቸው ለአንድ ነገር ነው፤ የመመለሻ ቀን ማስታወሻ። ኮሃ ከአጭር መልእክት አገልግሎት ጋር መገናኘት ይችላል። በአማርኛ ስትጽፉ ግን ልኩን እወቁ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ቁምፊ ይይዛል። በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው። 71ኛው ፊደል ሲገባ የሁለት መልእክት ዋጋ ይቆጠራል። «መጽሐፉን እስከ ዓርብ ይመልሱ። ለማራዘም ድረ ገጹን ይክፈቱ።» ይበቃል። «ውድ ተጠቃሚያችን» ብሎ መጀመር ገንዘብ ነው።

እንደ *804# ያለ ኮድ ከቴሌኮም ድርጅት ጋር ውል ይፈልጋል። ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ብቻ አይመከርም። ሬጅስትራሩ፣ ካፌውና የተማሪዎች አገልግሎቱ አንድ ላይ ከሆኑ ሊታሰብ ይችላል።

ፍለጋው አማርኛ ካልገባው ምርጫው ሁሉ ከንቱ ነው

ስብሰባ ላይ የማይነሣው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ተማሪዋ ስልኳ ላይ «ስነ ጽሁፍ» ብላ ትጽፋለች። ካታሎጉ ውስጥ ያለው «ሥነ ጽሑፍ» ነው። መልሱ «ምንም አልተገኘም» ይሆናል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል።

ይህችን አንዲት ቃል ብቻ እንቁጠር። ሥ ወይም ስ። ጽ ወይም ፅ። ሑ፣ ሁ ወይም ኁ። ተጣብቆ ወይም ተለያይቶ። 24 አጻጻፍ ሆነ። ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው ቶሎ የመጣለትን ፊደል ነው የሚመታው። እሱን ማረም የእኛ ሥራ አይደለም። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። ኮሃ በኢላስቲክሰርች ሲሠራም በዜብራ ሲሠራም (ሁለቱም ከኋላ ሆነው የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ናቸው) ይህን የፊደል ማመሳሰያ መቀበል ይችላል። ለሚያውቀው ባለሙያ ትልቅ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው፣ የድሮ መዝገብ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት በሚያውቁበት ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየራሳቸው ፎንት የተተየቡ መዝገቦች አሉ። ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። መቀየር አለባቸው። ሦስተኛው፣ በላቲን ብቻ የተመዘገበ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። «ኃይሌ» በላቲን ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። ካታሎጉ ርእሱንና የደራሲውን ስም በፊደላችንም እንዲይዝ አድርጉ፤ ለዚያ የተዘጋጀ ቦታ ማርክ በተባለው የካታሎግ መዝገብ አሠራር ውስጥ አለ፤ ቁጥሩ 880 ነው።

ቀንና ሰዓትም እዚሁ ይግባ። የመመለሻ ቀን «11/09» ቢል ግንቦት 11 ነው፣ ሴፕቴምበር 11 ወይስ ኖቬምበር 9? «8:30 ይከፈታል» ቢል ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? በቃል ጻፉት። «ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 4:00» ማንንም አያሳስትም።

እንደ አቅማችሁ

ሁለት የአይሲቲ ባለሙያ ብቻ ካላችሁና በጀት ከሌለ ኮሃን አፕዴት አድርጉ፤ የመጀመሪያውን ገጽ አቅልሉ፤ የአማርኛ ፍለጋውን አስተካክሉ፤ አንድ ቻናል ክፈቱ። እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። ትንሽ በጀት ካለ የመመለሻ ማስታወሻውን በአጭር መልእክት ጨምሩ። ጠንካራ ቡድን ካላችሁ ድረ ገጹን ያለ ኔትወርክ እንዲነበብ አድርጉት። አፕ የሚመጣው ይህ ሁሉ ሠርቶ፣ ተማሪዎች ድረ ገጹ ሊሰጣቸው ያልቻለውን ነገር በስም ጠርተው ሲጠይቁ ነው።

ከካምፓስ ውጭ ያሉትንም አትርሱ። ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ ጆርናሎችን በነጻ ከሚያገኙ አገሮች ውስጥ ናት። ነገር ግን መግቢያው ከቤት በስልክ የማይሠራ ከሆነ ለኤክስቴንሽን ተማሪ የለም ማለት ነው። ያንን ገጽም በስልክ ሞክሩት።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ይህን አድርጉ። ርካሽ ስልክ ያዙ። ዋይፋዩን አጥፉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ዶርም ሂዱና አንድ የፍሬሽማን ተማሪ ሦስት ነገር እንዲያገኝ ጠይቁ፤ ነገ ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ አንድ የተወሰነ መጽሐፍ መኖሩን፣ የተዋሰው መጽሐፍ የሚመለስበትን ቀን። አትርዱት። ዝም ብላችሁ እዩ፤ ሰዓት ያዙ። ጣቱ የሚሳሳትበትን ቦታ ጻፉ። በአምስት ተማሪ ብታደርጉት ለአልሚው፣ ሶፍትዌሩን ለሚሠራላችሁ ሰው፣ የምትሰጡት ዝርዝር ይወጣችኋል።

ውሉ ላይም ሦስት ነገር ይግባ። የፕሮግራሙ ምንጭ ኮድ ለዩኒቨርሲቲው ይተላለፋል። የዶሜኑ፣ የሰርቨሩና የስቶሩ አካውንት በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይከፈታል እንጂ በአልሚው ስም አይሆንም። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ደግሞ ያ የዶርሙ ሙከራ እንደገና ተደርጎ ሲያልፍ ነው።